ድንጋዩ ይታይ፣ ስሙ ይደርሳል

ተማሪዎቼ አንድ ልማድ አለባቸው። ከለሚ ወደ ጃማ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ዳር እንቆማለን። ፊታችን የተቆረጠ ገደል አለ። ገና ድንጋዩን ሳይነኩት ደብተራቸው ላይ «አንታሎ ላይምስቶን» ብለው ይጽፋሉ፤ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። ስሙን ከመጽሐፍ ያውቁታል። ስሙ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ገደሉን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ቀለሙ ምን ይመስላል? ንብርብሩ ምን ያህል ይወፍራል? ከሥሩ ምን አለ? ከላዩስ? ዝም።

ይህ ነገር ያሳስበኛል። ስለዚህ ዛሬ ስለ አለት ስም አወጣጥ ልጽፍ ነው። በተለይ ፕሪካምብሪያን ስለሚባሉት፣ ከ538.8 ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለተሠሩት ደለል አለቶች። ስም ቀድሞ ዓይን ሲከተል የሚመጣው ጉዳት እነሱ ላይ ይብሳል።

እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ። የተማርኩት ጂኦሎጂ፣ የማስተምረው ጂኦግራፊ። አጎቴ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ልጅ ሆኜ አብሬው ስውል፣ አንዱን ድንጋይ አንስቼ «ይሄ ጥሩ ነው» ካልኩት፣ «አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ አትበዪ፤ መጀመሪያ አንኳኪው» ይለኝ ነበር። እሱ በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል። ስንጥቅ ያለበትን ከሌለበት ይለያል። ቀጥሎ ዞር አድርጎ በየትኛው በኩል እንደሚፈለጥ ያያል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የመስክ ሥራ ስጀምር፣ የተሰጠኝ ትምህርት ከዚህ ብዙም አልራቀም።

መጀመሪያ የራሳችንን አገር ልንገራችሁ። ከመንዝ እስከ እነዋሪ፣ ከዚያም እስከ ለሚ፣ ደጋው ላይ በብዛት የምንረግጠው ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በብዛት ፈስሶ የረጋ ላቫ ነው። የጅሩ መረሬ አፈር ከዚሁ ድንጋይ የመጣ ነው። ወደ ጃማ መውረድ ስትጀምሩ ግን ባዛልቱ ያልቃል። የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል፣ ጭቃ የነበረ ለስላሳ ድንጋይ ይመጣል፣ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተሻገረ ሰው ደግሞ ሙሉውን አይቶታል። እዚያ ከኖራ ድንጋዩ ሥር ጀሶ ያለበት ወፍራም ንብርብር አለ። ከእሱ ሥር፣ ወደ ወንዙ ሲቃረቡ፣ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ ይከተላል።

ከላይ ወደ ታች ስማቸው እንዲህ ነው፤ ደብረ ሊባኖስ ሳንድስቶን፣ ሙገር ሙድስቶን፣ አንታሎ ላይምስቶን፣ ጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን፣ አዲግራት ሳንድስቶን። የዳይኖሰሮች ዘመን አለቶች ናቸው። ከሙገር ሙድስቶን የዳይኖሰር ጥርሶች ወጥተዋል። ጎሐ ጽዮን ፎርሜሽንን በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣ ጽሑፍ በስሙ ያስተዋወቁት ኢትዮጵያዊው ጂኦሎጂስት ጌታነህ አሰፋ ናቸው። የሰፈሬን ገደል በሰፈሬ ስም የጠራ የአገሬ ሰው መኖሩ ዛሬም ደስ ይለኛል።

አዲግራትና አንታሎ ግን ከዚያ በጣም ይቀድማሉ። በ1868 እ.ኤ.አ. የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲወጣ አብሮት አንድ ጂኦሎጂስት ነበር፤ ዊሊያም ብላንፎርድ ይባላል። ከባሕሩ ጠረፍ ጀምሮ ሠራዊቱ ባለፈበት መንገድ ሁሉ ድንጋዩን እያየ ሄደ። አዲግራት ላይ ያየውን የአሸዋ ድንጋይ በአዲግራት፣ አንታሎ ላይ ያየውን የኖራ ድንጋይ በአንታሎ፣ ከላይ ያለውን ባዛልት ደግሞ በአሸንጌና በመቅደላ ስም ጠራው። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ከመቅደላ ካመለጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ሸዋ ላይ ነግሠዋል። ጦሩ ወደ ሸዋ ዘልቆ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬ የምንጠራቸው ስሞች ሌሎች ይሆኑ ነበር። የአለት ስም በአብዛኛው መጀመሪያ የጻፈው ሰው በሄደበት መንገድ ላይ ያለ ስም ነው። ይህ ምንም ነውር የለበትም። ዋናው ነገር ሌላ ሰው ያንኑ መንገድ ሄዶ ያንኑ ድንጋይ ማግኘት መቻሉ ነው።

አንድ ቀን ጃማ ዳር አንዲት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ከአዲግራቱ ሥርስ ምንድን ነው ያለው?» አለችኝ። እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ልቤ ይሞቃል። ከሁሉ ሥር ያለው ፕሪካምብሪያኑ ነው። ጃማ እስካሁን ቆርጦ አልደረሰበትም። ውኃው ግን ይደርስበታል። ጃማ ዓባይ ይገባል፣ ዓባይ ወደ ምዕራብ ይጓዛል፣ ጉባ ሲደርስ የሕዳሴ ግድብ የተተከለበትን መሠረት ያገኛል። ያ መሠረት ፕሪካምብሪያን ነው። ብዙው ግን በሙቀትና በግፊት ተለውጦ፣ በግራናይት ተወግቶ፣ መጀመሪያ ምን እንደነበረ ለማወቅ አስቸጋሪ ሆኗል።

ደለልነቱ ገና የሚነበብ ፕሪካምብሪያን ማየት የፈለገ ወደ ትግራይ ይሂድ። ተምቤን ግሩፕ የሚባለው እዚያ ነው። ተማሪ ሳለሁ አይቼዋለሁ። የኛን አገር ንብርብር ለለመደ ዓይን መጀመሪያ ግራ ያጋባል። የዓባይ ንብርብር በአግድሙ የተኛ ነው፤ ታች ያለው አሮጌ፣ ላይ ያለው አዲስ። ተምቤን ላይ ግን ንብርብሩ ተጣጥፏል፣ አንዳንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጭቃ የነበረው ተጨምቆ ስሌት ሆኗል፤ በስስ ገጽ በገጽ ይፈለጣል። ጥቁር የኖራ ድንጋዩ ላይ ግን ቀጫጭን የደለል መስመሮች አሁንም በዓይን ይቆጠራሉ። እነዚያን መስመሮች በጣቴ ስከተል የተሰማኝን ነገር በቃላት መናገር ይከብደኛል። ከ700 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ውስጥ ቀስ ብሎ የሰፈረ ጭቃ ነው። ዓሣ የለም፣ ሣር የለም፣ የብስ ላይ የሚሄድ ምንም እንስሳ የለም።

በግሩፑ ውስጥ ወርዒ፣ ማይ ቅነጣል፣ ነጋሽ የሚሉ ስሞች ታገኛላችሁ። ሁሉም የቦታ ስሞች ናቸው። ሕጉ እንዲህ ስለሚል ነው። ዓለም አቀፉ የስትራቲግራፊ፣ ማለትም የአለት ንብርብር ጥናት፣ መመሪያ መጀመሪያ በ1976፣ ተሻሽሎ ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ፎርሜሽን መሠረታዊው የአለት ክፍል ነው። ካርታ ላይ ሊሳል የሚችል መሆን አለበት። ስሙ ከቦታ ይወሰዳል፤ አንድ የድንጋይ ዓይነት ከበዛበት የድንጋዩ ስም ይከተላል፣ ከተቀላቀለ «ፎርሜሽን» ብቻ ይባላል። ጎሐ ጽዮን ላይ ጀሶ፣ ሼል የሚባለው የጭቃ ድንጋይና ዶሎማይት የሚባለው የኖራ ድንጋይ ዘመድ ስለተፈራረቁ ነው «ፎርሜሽን» የተባለው። ብዙ ፎርሜሽኖች ተሰብስበው ግሩፕ ይሆናሉ። ፎርሜሽኑ ውስጥ ተለይቶ የሚታይ ክፍል ካለ ሜምበር ይባላል። ሌላ ሰው ቀድሞ የያዘውን ስም መድገም አይቻልም። ሁሉም ነገር ታትሞ መውጣት አለበት።

ከሁሉም በላይ ታይፕ ሴክሽን ያስፈልጋል። ስሙ የተሰጠበት፣ ማንም ሄዶ ሊያየው የሚችል አንድ የታወቀ ገደል ማለት ነው። የታችና የላይ ወሰኑ እዚያ ላይ ይገለጻል። ይህ ልክ እንደ መሬት ይዞታ ደብተር ነው። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ ያዋስነዋል ተብሎ ይጻፋል። አዋሳኙ ያልተጻፈ መሬት ለክርክር የተዘጋጀ መሬት ነው። አለትም እንደዚያው። ወሰኑ በቢላ እንደተቆረጠ ጥርት ያለ ነው ወይስ ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ? የላይኛው የታችኛውን ሸርሽሮ ነው የተቀመጠው? አንድ ሪፖርት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለውም ይኸው ነው።

አገላለጹ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀለም ሲጻፍ ሁለት ቀለም ነው፤ አየርና ዝናብ የነካው የውጩ፣ በመዶሻ ተሰብሮ የወጣው የውስጡ። የአሸዋው ቅንጣት ትልቅ ነው ትንሽ? ተመሳሳይ ነው የተደባለቀ? ንብርብሩ ውስጥ ያዘነበሉ መስመሮች አሉ? ካሉ ወራጅ ውኃ ወይም ነፋስ ወዴት ይገፋ እንደነበር ይናገራሉ። የሞገድ ምልክት አለ? የደረቀ ጭቃ ስንጥቅስ? ከዚያ ጠብታ አሲድ። የኖራ ድንጋይ ወዲያው ይፍለቀለቃል፤ ዶሎማይት ግን ካልተፋቀና ዱቄት ካልሆነ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ኮምፓስ፤ ንብርብሩ ወዴት ያጋድላል፣ በስንት ዲግሪ? ይህ ሁሉ ሲጻፍ «ይህ የወንዝ ደለል ነው»፣ «ይህ ጥልቅ ባሕር ነው» አይባልም። እሱ በሌላ ገጽ ይቆያል። ያየሁትና ያሰብኩት ለየብቻ ይቀመጣሉ።

ፕሪካምብሪያን ላይ ይህ መለየት ለምን የበለጠ ያስፈልጋል? በወጣት አለቶች ውስጥ ቅሪተ አካል ይረዳናል። አንታሎ ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ መሰል ቅርፊት ዘመኑን ይጠቁማል። ፕሪካምብሪያን ውስጥ ግን ያ የለም ማለት ይቻላል። ጥቃቅን ሕዋሳት ደለል እያጣበቁ የሠሯቸው ስትሮማቶላይት የሚባሉ ጉብታዎች አሉ፤ በምዕራብ አውስትራሊያ ድሬሰር ፎርሜሽን ውስጥ የ3.48 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው ተገኝተዋል። ግን ስትሮማቶላይት ዛሬም አለ። ስለዚህ ዘመን በመለየት በኩል እምብዛም አይረዳም። በዚያ ላይ ንብርብሩ ታጥፎ ሲገለበጥ አሮጌው ከላይ ሊሆን ይችላል። የትኛው ወገን ሰማይ ያይ እንደነበር የሚነግራችሁ ያ ትንሽ የሞገድ ምልክት ወይም ያ የጭቃ ስንጥቅ ነው። እሱን ሳትጽፉ ካለፋችሁ የጠቅላላው ቅደም ተከተል ይገለበጣል።

ዕድሜ የሚገኘው በሌላ መንገድ ነው። ደለሉ መሐል አልፎ አልፎ የእሳተ ገሞራ አመድ ይገኛል። አመዱ ውስጥ ዚርኮን የሚባል ጥቃቅን ማዕድን አለ። ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየም ይይዛል፣ ሊድ የሚባለውን እርሳስ ግን አያስገባም። ዩራኒየም 238 በ4.47 ቢሊዮን ዓመት ግማሹ ወደ ሊድ ይለወጣል። ስለዚህ ውስጡ የተጠራቀመውን ሊድ የለካ ሰው አመዱ የወደቀበትን ጊዜ ያውቃል። ተምቤን ላይ የተሠራው እንዲህ ያለ ልኬት ግሩፑ ከ815 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረን ጊዜ ጭምር እንደያዘ፣ ላይኛው ጫፉ ደግሞ 717 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ እንደሚደርስ አሳይቷል። ያ ጫፍ ምድር በሞላ ጎደል በበረዶ የተሸፈነችበት ዘመን መጀመሪያ ነው። ትግራይ ውስጥ ያለ ድንጋይ ይህን የዓለም ታሪክ ለመወሰን ከረዱት ጥቂት ቦታዎች አንዱ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እዚያው ጫፍ ላይ፣ ነጋሽ አካባቢ፣ ጭቃ ውስጥ ትንሽና ትልቅ ጠጠር ያለ ሥርዓት የተደባለቀበት አለት አለ። ዲያሚክታይት ይባላል። ስሙን በ1960 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ፍሊንት፣ ሳንደርስና ሮጀርስ የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ናቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ድንጋይ ያየ ብዙ ሰው ወዲያው «ቲላይት» ይል ነበር፤ የበረዶ ግግር ያመጣው ማለት ነው። ነገር ግን የጭቃ ናዳም ተመሳሳይ ነገር ይሠራል። የመርሐቤቴ ሰው ይህን ያውቃል፤ ክረምት ላይ ገደል ሲናድ ትልቁም ትንሹም ድንጋይ ከጭቃ ጋር አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ሦስቱ ሰዎች ያዩትን ብቻ የሚናገር፣ ማን አመጣው የሚለውን ክፍት የሚተው ስም አወጡ። በኔ ግምት በዚህ ሙያ ውስጥ ከተሰጡት ስሞች ሁሉ ጨዋው ይህ ነው። የነጋሹን በረዶ አመጣው ማለት ይቻላል፣ ማስረጃም አለ። ያ ግን ክርክሩ ነው። ድንጋዩ ዲያሚክታይት ሆኖ ይቀመጣል።

አሁን ከሁሉ የሚያሳዝነኝን ታሪክ ልንገራችሁ። እንግሊዝ አገር፣ ቻርንዉድ ጫካ ውስጥ፣ ፕሪካምብሪያን አለት አለ። ባሕር ውስጥ የሰፈረ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ቲና ኔገስ የምትባል ተማሪ እዚያ ድንጋይ ላይ እንደ ተክል ቅጠል ያለ ቅርጽ አየች። ተማሪ ብትሆንም አለቱ ፕሪካምብሪያን እንደሆነ አንብባ ታውቅ ነበር። ለጂኦግራፊ መምህሯ ነገረቻት። መምህሯ በፕሪካምብሪያን አለት ውስጥ ቅሪተ አካል የለም ብላ መለሰችላት። ድንጋዩን ሄዳ አላየችውም። በዓመቱ ሮጀር ሜሰን የተባለ ሌላ ተማሪ ያንኑ አየ። እሱን የሰማው ሰው ግን ነበር፤ ጂኦሎጂስቱ ትሬቨር ፎርድ ቦታው ድረስ ሄዶ አየ፣ ገለጸ፣ በ1958 እ.ኤ.አ. ቻርኒያ ማሶኒ ብሎ ስም አወጣለት። በቦታውና በልጁ ስም። እርግጠኛ በሆነ ፕሪካምብሪያን አለት ውስጥ ትልቅ አካል ያለው ሕይወት መኖሩን ዓለም የተቀበለው በዚህ ነው። በኋላ ላይ የኔገስም ድርሻ ታውቆላታል።

እኔም የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ጀምሮ ተማሪ «ቲቸር፣ እዚህ የሆነ ነገር አለ» ሲለኝ ሳልሄድ አልመልስም። አብዛኛውን ጊዜ የማንጋኒዝ ቀለም ወይም የሥር ምልክት ሆኖ ይገኛል። ምንም አይደለም። ልጁ ስሙን ሳያስቀድም አይቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአለት ስምና የዘመን ስም ይምታታል። ቶኒያን፣ ክራዮጄኒያን፣ ኤዲያካራን የሚሉት የጊዜ ስሞች ናቸው። ተምቤን ግን የአለት ስም ነው። የፕሪካምብሪያን ዘመናት ድንበር በአብዛኛው በቁጥር የተቀመጠ ነው፤ አርኪያንና ፕሮቴሮዞይክ 2,500 ሚሊዮን ዓመት ላይ ይለያያሉ። በድንጋይ ላይ ምልክት የተደረገለት ድንበር የኤዲያካራን መጀመሪያ ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ጸደቀ። ልኬት ሲሻሻል ቁጥሩ ይቀየራል። ስለዚህ የፎርሜሽን ስም ውስጥ ዕድሜ አይገባም። ነገ አዲስ ዚርኮን ቢለካና ዕድሜው በ20 ሚሊዮን ዓመት ቢዛወር፣ የማይ ቅነጣል ድንጋይ ማይ ቅነጣል ላይ ነው ያለው።

የስም መለጠጥም ሌላው ችግር ነው። አዲግራት ሳንድስቶን የሚለው ስም ከትግራይ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ሐረርጌ ሄዷል። ሁሉም ቦታ ያለው ድንጋይ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሁኔታ ተሠራ ማለት ግን አይቻልም። በኔ እምነት ርቀት ሲበዛ የአካባቢ ስም ይሻላል። ደብረ ሊባኖስ ሳንድስቶን በራሱ ስም መጠራቱን የምደግፈው ለዚህ ነው። አንዳንዶች ትግራይ ካለው የአምባ አራዳም አሸዋ ድንጋይ ጋር አንድ ያደርጉታል። መጀመሪያ ሁለቱም በየቦታቸው ይገለጹ፣ ዝምድናቸው ከዚያ በኋላ ይታያል።

ለማንኛውም፣ አንድ የጀመርነው ነገር አለ። ጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን በዓለም መጽሔቶች ላይ የሚጠራ ስም ነው። በዚያ መንገድ በየቀኑ አውቶቡስ ያልፋል፣ ሲኖትራክ ያልፋል። ተሳፋሪው የሚያየው ድንጋይ ስም እንዳለው አያውቅም። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ለመንገዱ ዳር ሰሌዳ የሚሆን ጽሑፍ እያረቀቅን ነው። በአማርኛና በኦሮምኛ። መጀመሪያ የሚጻፈው ጀሶ፣ ሼልና ዶሎማይት እየተፈራረቁ፣ 450 ሜትር ገደማ ውፍረት፣ ከሥር የአሸዋ ድንጋይ፣ ከላይ የኖራ ድንጋይ የሚለው ነው። ዕድሜው በትንሹ ከታች ይሁን ብያለሁ፤ አንዱ ባልደረባዬ ሰው የሚስበው ዕድሜው ስለሆነ በትልቁ ከላይ ይሁን ይላል። እስካሁን አልተስማማንም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የምትወርዱ፣ ነጩ ጀሶ ጥርት ብሎ የሚታይበትንና መኪና ያለ አደጋ ሊቆም የሚችልበትን ቦታ ካያችሁ ጻፉልኝ።